ወገቤ የሾመኝ ሰሞን

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጠዋት ከአልጋ ስትነሡ በምናችሁ ነው የምትነሡት? አትሳቁ። እኔም እንደናንተ ይኼ ነገር ጥያቄ የማይመስለኝ ሰው ነበርኩ። ዓይን ይገለጣል፣ ብርድ ልብስ ይገፈፋል፣ ሰውዬው ይነሣል፤ አለቀ። አንድ ጠዋት ግን ዓይኔን ገለጥኩ፣ ብርድ ልብሴን ገፈፍኩ፣ ቀጣዩ ሥራ አልመጣ አለኝ። ጭንቅላቴ ተነሥ ይላል፣ እግሬ እሺ ይላል፣ መሐል ላይ ያለው ወገቤ ግን ነገሩ እሱን እንደማይመለከተው ሁሉ ዝም ብሎ ተጋድሟል።

ያኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የቦንጋ የሥነ ዜጋ መምህር ነበርኩ። ከተማዋ ባጃጅ የለመደችበት፣ መንገዱ ሁሉ ለኮብልስቶን የተቆፈረበት ዘመን ነው። ክፍል ገብቼ መብትና ግዴታ አስተምራለሁ፤ መብቱን ብቻ አጥርቶ የሚያውቅ ወገብ ተሸክሜ እንደምዞር ግን አላውቅም ነበር። ያን ዕለት እንደምንም ተንከባልዬ ከአልጋ ወደቅሁ፣ በእጄም በእግሬም ዳኽኩ፣ ግድግዳውን እየቧጠጥኩ ቆምኩ። አለቀልኝ ብዬ እያዘንኩ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጠመኔ ይዤ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ወዲያ ወዲህ ስል ሕመሙ ቀስ በቀስ እየለቀቀኝ ሄደ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ፈጽሞ ደኅና ሰው ሆንኩ። ከሰዓት በኋላ የክፍለ ትምህርት ስብሰባ ተጠራንና ቁጭ አልኩ። ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም ተነሣ፤ እኔ ቀረሁ።

እሑድን ሙሉ ተኝቼ አረፍኩ። ሰኞ ዕለት ከእሑድ በፊት የነበረውን ሕመም ናፈቅሁት። በሌላ ቀን ደግሞ ገበያው አጠገብ ጭቃ የያዘው አይሱዙ ነበርና ከሰው ጋር ተሰልፌ ስገፋ ዋልኩ፤ ማታ ላይ ወገብ እንዳለኝም ረሳሁ። ነገሩ ዞረብኝ። ስተኛ የሚይዘኝ፣ ስሠራ የሚለቀኝ ይኼ ምን ዓይነት በሽታ ነው? ለአለቃ ቢነግሩት የሚያምነው ይገኛል? «ጌታዬ፣ ዕረፍት ወስጄ ታምሜ መጣሁ» ይባላል?

መጀመሪያ ያማከርኳቸው ቤት ያከራዩኝን እትዬ ዘውዴን ነው። «ብርድ ነው!» አሉኝ፣ ገና «ወ» ብዬ «ገቤን» ሳልል። ወገቤን በቅቤ አሹት፣ በነጠላ ጠፍረው አሰሩት፣ ከአልጋ እንዳትወርድ ብለው አስጠነቀቁኝ። ቀጥሎ ወዳጄ ታምሩ ሊጠይቀኝ መጣ። ታምሩ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ዓለም ላይ የማያውቀው ነገር ካለ ገና አልተፈጠረም። «ኩላሊት ነው» አለኝ። በእኛ አገር ከማጅራት በታች ከመቀመጫ በላይ ያለው ሁሉ ኩላሊት መሆኑን መቼም ታውቃላችሁ። «ውሃ ጠጣ፤ በጆግ እየቀዳህ ጠጣ» አለኝ።

እኔ ሰው ማስቀየም አልወድም። ለእትዬ ዘውዴ ብዬ ተኛሁ፣ ለታምሩ ብዬ ውሃ ጠጣሁ። ውሃ የጠጣ ሰው ደግሞ ተኝቶ አይቀርም፤ መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ማዶ ከእንሰቱ ኋላ ነው። ስነሣ፣ ስሄድ፣ ስመለስ፣ ደግሞ ስነሣ፣ ጀርባዬ እየፈታ መጣ። ታምሩ ማታ መጥቶ ቀጥ ብዬ ቆሜ ሲያየኝ «አየህ! ኩላሊት ነው አላልኩህም?» አለ። እትዬ ዘውዴም ከማጀት ብቅ ብለው «ቅቤው ገባለት!» አሉ። ሁለቱም ደስ አላቸው። ከሁለቱ የትኛውን እንደማመሰግን ግራ ስለገባኝ ሁለቱንም አመሰገንኩ።

ሕመሙ ሲመለስ ሺሺንዳ በምትባለው የጎረቤት ከተማ አንድ የታወቁ ወጌሻ አሉ ተባልኩ። የገበያ ቀን ነበር። ቤታቸውን ስጠይቅ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች እየጠቆመኝ፣ በከብቱና በእህሉ መሐል ስሽሎከሎክ ረፈደ። በመጨረሻ ሳገኛቸው ሸሚዜን አስወልቀው «የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ፈለግሁት፤ የለም! ስዞር ለቆኛል። እሳቸው በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች እየወረዱ «እዚህ ነው? እዚህስ?» ይላሉ፣ እኔ «የለም፣ እሱም አይደለም» እላለሁ። ሰውዬው በስተመጨረሻ ተቆጡ። «ሰው አልቸገረኝም እኮ፣ የምትቀልድ ከሆነ ሂድ» ብለው አስወጡኝ። መመለሻዬ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ተጣጥፌ ተቀመጥኩና ቦንጋ ስንደርስ ረዳቱ እንደ ዕቃ አወረደኝ።

እስካሁን ያወራሁላችሁ ቀላሉን ነው። ሕመሙ እየቆየ ወደ ላይ ወጣና አንገቴን ያዘው። አንገት እንደ ወገብ በልብስ የሚሸፈን ነገር አይደለም፤ በተለይ ቦንጋ ውስጥ። የቦንጋ ሰው ሰላም ሲላችሁ በአፉ ብቻ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ ነው። ኮፍያ ያለው ኮፍያውን ያወልቃል፣ እጅ የሚሰጠው በሌላኛው እጁ ክንዱን ይደግፋል። እናንተም ዝቅ ማለት አለባችሁ። እኔ ደግሞ ዝቅ ማለት ቀርቶ ዘወር ማለት አቅቶኛል። ከጎን የሚጠራኝን ሰው ለማየት ትከሻዬን፣ ዳሌዬን፣ ጫማዬን፣ ሁሉንም ይዤ መዞር አለብኝ። እስክዞር ሰውዬው አልፎ ሄዷል።

በዚህ መሐል የባሰው መጣ። ምሕረት የምትባል የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ እወድ ነበር፤ እሷም ትወደኝ ነበር። ሽማግሌ ለመላክ ተነጋግረን ጨርሰናል። ስለ ጀርባዬ የነገርኳት «ትንሽ ብርድ መቶኝ ነው» ብዬ ብቻ ነው፤ ለሚያገቧት ሴት በእጄና በእግሬ እየዳኽኩ ነው የምነሣው ብሎ ማውራት ከባድ ነው። አባቷ ጋሽ አደሎ የቡና ማሳ ያላቸው የኮረሪማና የማር ነጋዴ ናቸው፤ በከተማው የተከበሩ፣ ኮፍያቸውን ለትልቅም ለትንሽም የሚያነሡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጎረቤት ለቅሶ ደርሼ ድንኳን ውስጥ ብዙ ከተቀመጥኩ በኋላ ጋሽ አደሎ ገቡ። ድንኳኑ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። እሳቸውም «በእግዜር፣ በእግዜር» እያሉ ዝቅ ብለው ዞሩ። እኔ ጋ ሲደርሱ አግዳሚው ላይ እንደተተከልኩ ነኝ። ብድግ ለማለት ያልሞከርኩት ነገር የለም። ከሰውነቴ ሁሉ የታዘዘልኝ ቅንድቤ ብቻ ነበር። ቅንድቤን ከፍ አድርጌ ዝቅ አደረግሁላቸው። ጋሽ አደሎ ለአፍታ ቆመው አዩኝና ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ።

ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ከተማው ተለወጠብኝ። የማላውቃቸው ሰዎች ከመንገድ ማዶ እጅ ይነሡኝ ጀመር። ሕመሜን ለማሳረፍ እጆቼን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ደረቴን ነፍቼ ኮብልስቶን የሚነጠፍበት ቦታ ቆም ስል ድንጋይ ጠራቢዎቹ መዶሻቸውን ያፋጥናሉ፤ ፎርማኑ እየሮጠ መጥቶ «ጥራቱን ጠብቀን ነው የምንሠራው» ይለኛል። እኔም ምን ልበለው? «በርቱ» እለዋለሁ። ግምገማ ላይ ሌላ ጊዜ በሰዓት አትገባም፣ ተነሣሽነት ይጎድልሃል እያሉ የሚያበጥሩኝ ባልደረቦቼ ተራዬ ሲደርስ «ጓዱ ላይ የታየ ችግር የለም» ብለው አለፉኝ። አንድ ማለዳ ደግሞ ከማንኪራ ገጠር የመጡ አዛውንት ንብ አርቢ ደጃፌ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቀፎ የሚሰቅሉበትን ዛፍ ጎረቤታቸው እንደወሰደባቸው ነገሩኝና «እርስዎ አንድ ቃል ቢናገሩልኝ» አሉ።

«አባቴ፣ እኔ መምህር ነኝ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ፣ ምሥጢር እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብለው። «ገና አልተነገረም ማለትዎ ነው።»

ምኑ ነው ያልተነገረው? እየበረርኩ፣ ማለቴ በዚያ ጀርባ የሚቻለውን ያህል እየበረርኩ ታምሩ ዘንድ ሄድኩ። ታምሩ በሣቅ ፍርስ አለ። «ዞን ላይ ተሹመሃል እየተባለ ነው» አለኝ። «ሰላም ሲሉህ አትጎነበስ፣ ሲጠሩህ አትዞር፣ ስትሄድ እጅህን ወደ ኋላ አድርገህ ደረትህን ትነፋለህ። ሕዝቡ ምን ይበል? ካልተሾመ እንዲህ የሚያደርገው ምን ነገር አለ ብሎ ደመደመ።»

እኔ አልሣቅሁም። ቶሎ ሽማግሌ እንዲሄድልኝ ለመንኩት። ታምሩ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ጋሽ አደሎ ቤት ሄደና ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ሰውዬው ያሉትን ቃል በቃል ነገረኝ። «እኔ ቆሜ ሰላም ስለው ቁጭ ብሎ በቅንድቡ የመለሰልኝን ሰው? ነገ ሠርጉ ላይ ጉልበቴን የሚስመውስ በቅንድቡ ነው?»

ሆድ ባሰኝ። መቼም ሰው ወዶ ባልሠራው ኩራት ሚስት ሲከለከል ያማል። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ቀድሞ መሄድ ነበረብህ ትሉኝ ይሆናል፤ ብርድና ኩላሊት እያለኝ ሐኪም ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከእኔም ሳያንስ አይቀርም። ብዙ ጠየቀኝ። «ጠዋት ይብስብሃል? ስትንቀሳቀስ ይለቅሃል? ስታርፍ ይመለሳል?» እሱ በጠየቀ ቁጥር የገዛ ጓዳዬን ያየ መሰለኝ። ለምርመራ ደም ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ። በመጨረሻ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አሳየኝ። «የአከርካሪህ መገጣጠሚያዎች ይቆጣሉ። የአከርካሪ አርትራይተስ ነው፤ እንዳንተ ያሉ ወጣቶችን የሚይዘው ዓይነት። ዕረፍት ያደርቀዋል፣ እንቅስቃሴ ያፍታታዋል።»

«ኩላሊት አይደለም?»

«ኩላሊትህ ደኅና ነው።»

«ብርድስ?»

«ብርድ አያመጣውም። ሙቅ ውሃ ግን ያላላልሃል፣ ጠዋት ጠዋት ታጠብ።» ከዚያ ይዘረዝርልኝ ጀመር። ትራስህን አሳንስ፣ ፍራሽህ አይስመጥ፣ በየቀኑ ተራመድ፣ ከግድግዳ ተጣብቀህ ሰውነትህን ዘርጋ፣ ብዙ አትቀመጥ፣ ኪኒኑን ምግብ ከበላህ በኋላ ብቻ ዋጥ፣ እየመጣህ ታይ። «ደግሞ ዓይንህ ቀልቶ ካመመህና ብርሃን ካስቸገረህ ሳትውል ሳታድር ና» አለኝ። ስለ ወገቤ መጥቼ ስለ ዓይኔ ሲነግረኝ የሌላ ሰው ካርድ ይዞ እንዳይሆን ተጠራጠርኩ። አልተሳሳተም፤ በሽታው ዓይንንም ሊጎበኝ ይችላል አለ።

«መቼ ይድናል?» አልኩት።

ፊልሙን አወረደ። «አይድንም። ይያዛል። በደንብ ከያዝከው ታስተምራለህ፣ ትሠራለህ፣ ታገባለህ፣ ትወልዳለህ። ከተውከው ያጎብጥሃል።»

የሰማሁትን ይዤ ታምሩ ዘንድ ስመለስ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አሁን ኩሩ አለመሆኔን የሚያስረዳ ፊልም በእጄ አለ። ታምሩ ግን ራሱን ነቀነቀ። «እንዳታሳይ! ጋሽ አደሎ ለኩሩ ሰው ልጃቸውን አልሰጥም አሉ፣ ለማይድን በሽተኛ የሚሰጡ ይመስልሃል? ኩራት በይቅርታ ይታለፋል። በሽታ በምን ይታለፋል?» አለኝ። አሰብኩበት። እውነት ነው። ተሹሜአለሁ ብል ዋሾ፣ አልተሾምኩም ብል ኩሩ፣ አሞኛል ብል ደግሞ በሽተኛ። ከሦስቱ የትኛው ሆኜ ሚስት እንደማገባ ጠፋኝ።

ሽማግሌዎቹ ደግመው ለመኑ። ጋሽ አደሎ በስንት ውትወታ «እሱ ራሱ ይምጣና ልየው» አሉ። ታምሩ አቀደ። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ስለ ጀርባዬ ትንፍሽ አልልም። የተቀጠርንበት ቀን ምግብ በልቼ ኪኒኔን ዋጥኩ፣ በሙቅ ውሃ ታጠብኩ፣ ዳገቱን ወጥቼ ወረድኩ። ጋሽ አደሎ ደጅ ስደርስ ሰውነቴ ተፍታቶ ለስፖርት እንጂ ለሽምግልና የመጣሁ አልመስልም ነበር።

ምን ያደርጋል! ሽማግሌዎቻችን ንግግር የሚወዱ ሆኑ። አንደኛው ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። እኔን ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ አስቀምጠውኛል። አዳም ከገነት ሳይወጣ ወገቤ መድረቅ ጀመረ። ትንሽ ልንጎራደድ ብዬ ብድግ ስል ታምሩ ኮቴን ይዞ ቁጭ አደረገኝ። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ስነሣ ጋሽ አደሎ «ይቸኩላል እንዴ?» አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ ኖኅን አንሥተው ውሃው እስኪጎድል ስንጠብቅ እኔ በርጩማው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ምሕረት የውስጠኛው በር ላይ ቆማ ታየኛለች። እናቷ እትዬ ብዙነሽ ከኋላዋ ናቸው።

በመጨረሻ ጋሽ አደሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ና እስቲ» አሉኝ።

እንዴት እንደተነሣሁ እኔም አላውቅም። ፊታቸው ደርሼ ለመንበርከክ እግሬን ሳጥፍ የምድር ስበት፣ ታምሩ ዘወትር የሚያስተምረው ያ የምድር ስበት፣ ቀሪውን ሠራልኝ። ወደቅሁ ማለት ይቀላል። ጉልበታቸውን ሳምኩ። አንደኛውን፣ ሌላኛውን። ከዚያ ለመነሣት ሞከርኩ።

ወገቤ እምቢ አለ።

«ይበቃሃል ልጄ፣ ተነሥ» አሉ ጋሽ አደሎ። አልተነሣሁም። «ተነሥ እንጂ!» አልተነሣሁም። የአዳሙ ሽማግሌ «ይኼን የመሰለ ትሕትና በዚህ ዘመን ዓይታችሁ ታውቃላችሁ?» ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ታምሩ ከኋላዬ «አበዛኸው» ብሎ አንሾካሾከ። ጋሽ አደሎ ድምፃቸው ተሰባብሮ «እኔ ነኝ ያስቀየምኩህ። ኩሩ ያልኩህ እኔ ነኝ» አሉ።

በቃ፣ አሸንፌአለሁ። እትዬ ብዙነሽ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተዋል። የሚጠበቅብኝ ዝም ማለት ብቻ ነበር፤ አንዱ መጥቶ ያነሣኛል፣ ያልቃል። ግን ከወለሉ ላይ በአግድም ስመለከት ምሕረትን አየኋት። እሷ በትሕትናዬ አልተነካችም። የምታየው ፊቴን ነው፤ ላቤን፣ የተነከሰውን ከንፈሬን። እንደሚያመኝ ገብቷታል። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት ከማፈሬ ይልቅ እሷን ለወራት በ«ብርድ መቶኝ» ማታለሌ አሳፈረኝ።

«ጋሼ» አልኩ፣ ለጉልበታቸው። «ትሕትና አይደለም። መነሣት አቅቶኝ ነው።»

እዚያው እንደተደፋሁ ሁሉንም ተናገርኩ። የድንኳኑን፣ የቅንድቤን፣ የፊልሙን፣ ያልተሾምኩትን ሹመት። ታምሩ በእጁ ፊቱን ሸፈነ።

«ይድናል?» አሉ ጋሽ አደሎ።

«አይድንም ጋሼ። ይያዛል።»

«መቼ ነው የሚብስብህ?»

«ቁጭ ስል። ስተኛ።»

«ስትሠራስ?»

«ስሠራ ይለቀኛል።»

ጋሽ አደሎ ወደ ሚስታቸው ዞረው በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። እትዬ ብዙነሽ ሣቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሣቁ። ታምሩ እንኳ፣ አንድ ቃል ሳይገባው፣ ሰው ሲሥቅ ዓይቶ ሣቀ። እኔ ካፊኖኖዬ ከሰላምታ አያልፍም። ተፈቀደልኝ? ተባረርኩ? በእኔ ላይ ነው የሚሣቀው? ልቤ ወለሉን እየደበደበ እዚያው ቀረሁ።

ምሕረት መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«‹ሁለት አማቾች አሉኝ፤ ሁለቱም ሥራ ሲያዩ ይታመማሉ፣ ቁጭ ሲሉ ይድናሉ። እግዜር ተገላቢጦሹን ሲልክልኝ እንዴት እመልሳለሁ?› አለ።»

«እና ምን ማለት ነው?»

«ቅዳሜ ቡና ለቀማ ትመጣለህ ማለት ነው።»

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ሽማግሌዎቹ ይመራረቃሉ፣ ጋሽ አደሎ ጠጅ ይምጣ ይላሉ፣ ታምሩ ሁሉን ያቀደው እሱ እንደሆነ ለእትዬ ብዙነሽ ያስረዳል። እኔን ከወለሉ ማንሣት ግን ማንም ትዝ አላለው። ምሕረት ብቻ አልተነሣችም ነበር።

«አሁን ምን ላድርግ?» አለችኝ።

«አትጎትቺኝ። በጎኔ ልተኛ፣ ከዚያ ክንዴን ያዢልኝ፣ በእጄ ገፍቼ እነሣለሁ። ቀስ ብለሽ።»

ቀስ ብላ ያዘችኝ። ከጎኔ ወደ ክርኔ፣ ከክርኔ ወደ ጉልበቴ፣ እሷም አብራኝ ከፍ እያለች። መሐል ላይ ትንፋሼን ስሰበስብ ቆም ብላ ጠበቀችኝ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነህ?» አለች በቀስታ።

«ጠዋት ጠዋት» አልኳት።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ክንዴን እንደያዘች ትንሽ አሰበች። እምቢ ብትለኝ አልፈርድባትም ነበር፤ አባቷ የፈለጉት ሠራተኛ ነው፣ በየማለዳው ከአልጋ የምታነሣው ግን እሷ ናት።

«እሺ» አለችና ክንዴን አጥብቃ ይዛ ቀጥ አድርጋ አቆመችኝ።